ቅዳሜ ጓደኛችንን ልንጠይቅ ነው

ሰላም የክፍል ልጆች፣ ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን የተጎዳውን ጓደኛችንን ቅዳሜ እንጠይቀዋለን። ከሰዓት 10፡30፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ በር ላይ እንገናኝ። እሱ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ባንዴ አንገባም። ሁለት ሁለት ሆነን፣ ለሃያ ደቂቃ ብቻ።

ቁስሉ ድኗል፣ ጠባሳውንም ፀጉሩ ሸፍኖታል፣ ስለዚህ ያየው ሁሉ "ተሽሎሃል" ይለዋል፤ ግን ጫጫታና ደማቅ ብርሃን ቶሎ ያደክመዋል፣ ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ ደግሞ ወሬው ይጠፋበታል። ባለፈው ስሄድ አንዱን ሻይ ሦስት ጊዜ ስኳር ጨመረበት። አንጀቴን በላው።

እባካችሁ "ታስታውሰኛለህ?" እያላችሁ አትፈትኑት። ስማችሁን ንገሩትና ጨዋታ ጀምሩ። ቃል ሲጠፋው ታገሱት፣ ቢቆጣም አትቀየሙት፣ ጉዳቱ ነው። መጠጥ አይምጣ፣ ጫትማ ጭራሽ! ለማገገም እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ፍራፍሬ ይበቃል። አንድ ሰው ትልቅ የግድግዳ ካላንደር ይያዝ፣ ቀጠሮና መድኃኒቱን ይጽፍበታል።

ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ደግሞ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሰው እናቱ ይፈልጋሉ። እሳቸው ብቻቸውን ደክመዋል። ማን ይችላል? ቅዳሜ የምትመጡም፣ ማክሰኞ የምትችሉም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።