ጉራዕም ከዓድዋ ጎን ይነሣ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ታላላቅ ጦርነቶችን ስናነጻጽር በወደቀው ሰው ብዛት ብቻ መመዘናችን ያሳስበኛል፤ ለእኔ ሚዛኑ ከድሉ ማግስት የመጣው ለውጥ ነው።

በዚህ ረገድ ዓድዋ አቻ የለውም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተገኘው ድል የኢጣሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውልም የውጫሌ ስምምነት ተሽሮ ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች።

ይሁን እንጂ ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ድል መንሳታቸው በዓድዋ ጥላ ሥር መቅረቱ ያሳዝነኛል። ያ ጦር ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ እንደ ሎሪንግ ያሉ መኮንኖችንም ያካተተ ነበር። ሽንፈቱ የግብፅ ገዥ የነበሩት ከዲቭ እስማኤል በአካባቢያችን ሊዘረጉት ያሰቡትን ግዛት ቀጨው፤ በዕዳ የተጨነቀውን ግምጃ ቤታቸውንም ይበልጥ አራቆተው። እርግጥ ነው፣ ድሉ ምጽዋን አላስመለሰም፤ ወደቡ በግብፅ እጅ ቆይቶ በ1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ ያዘችው። ቢሆንም ሰሜናዊው ደጋ ያን ጊዜ በግብፅ እጅ ወድቆ ቢሆን ኖሮ፣ ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር በዚያ ስፋት መሰባሰቡን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ለዓድዋ ከምትሰጡት ገጽ ጥቂቱን ለጉራዕ እንድታውሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ