የቅዳሜው የሞተር ማስተካከያ

ሰላም ጓደኞች፣

ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ከመውጣታችን በፊት ባለ አራት ጎማ ሞተሮቻችንን እናስተካክላለን። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በተለመደው መሰብሰቢያችን።

እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቤንዚኑ ካልተቀነሰ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላችሁ አነስ ያለ ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ይዛችሁ ኑ። ቁጥሩን ከሞተሩ መመሪያ ላይ እዩ፤ በግምት አይገዛም። የድሮውን ጄት ደግሞ እንዳትጥሉት! ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስንመለስ ካልተገጠመ ቤንዚን ያጥርና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ፒስተን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል፤ ያ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ኢንጄክሽን (በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ቤንዚን የሚረጭ ሥርዓት) ያላቸው ቤንዚኑን ራሳቸው ይመጥናሉ። ጉልበት መቀነሱ ግን ለነሱም አይቀርም። በቺንጋ የሚሠሩ አውቶማቲኮች የፍሪሲዮናቸውን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ክፍል) ክብደቶች በቀለል ያሉ ቢቀይሩ ዳገቱን ይችሉታል። በኔ እምነት ትልቁ ለውጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻና ንጹሕ የአየር ማጣሪያ አትርሱ።

የሞተራችሁን ሞዴልና ካርቡሬተር ይሁን ኢንጄክሽን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። የማትመጡም አሳውቁን።