«ሁለት ዓመት የደረቀ» ተብሎ ስለተሸጠልኝ የዋንዛ ሳንቃ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለእንጨት መሰንጠቂያና ጣውላ መሸጫ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ እርጥብ ሳንቃ እንደ ደረቀ ተቆጥሮ ስለተሸጠልኝ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ሚያዝያ 18 ቀን፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከግቢያችሁ ሁለት የዋንዛ ሳንቃዎች በ64,000 ብር ገዛሁ። ርዝመታቸው 2 ሜትር ከ20፣ ወርዳቸው 48 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ውፍረታቸው 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠርዛቸው ያልተከረከመ፣ የዛፉን ጎንና ቅርፊት እንደያዙ ያሉ፣ እናንተ «ላይቭ ኤጅ» ብላችሁ የምትሸጧቸው ናቸው። በውስጥ ጎናቸው ገጥሜ፣ የተፈጥሮ ጠርዛቸውን ወደ ውጭ አድርጌ የምግብ ጠረጴዛ ልሠራባቸው ነበር። ዛሬ አንደኛው ከጫፉ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ተሰንጥቆና ጎብጦ በረንዳዬ ላይ ተጋድሟል። ሁለተኛው ደግሞ የእሱ ጥንድ ሆኖ አልተገኘም።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። አናጺ አይደለሁም፤ መተዳደሪያዬ የቢሮ ሥራ ነው። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድን በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከመላጊያና ከብርጭቆ ወረቀት ጋር ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ፣ እንጨት እንደሚንቀሳቀስ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ጫፉ ላይ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሰነጠቅ ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) እሞላበታለሁ፣ ወይም በቢራቢሮ ቅርጽ ማያያዣ እሰፋዋለሁ፤ እንዲያውም ያምርበታል። ቅሬታዬ እንጨቱ ስለተሰነጠቀ አይደለም። ቅሬታዬ እርጥቡን ደረቅ ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ፣ ከዚያም ጥፋቱን ወደ እኔ ስላዞራችሁ ነው።

በግዢው ዕለት የሽያጭ ሠራተኛችሁን በግልጽ ጠይቄያለሁ። «ስንት ጊዜ ደርቋል?» ስለው «ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሼ፣ አይጠራጠሩ» አለኝ። ሳንቃውን በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ «ይስሙት፣ እንደ ከበሮ ይጮኻል» ሲለኝ ሳቅሁ፤ ከበሮም የሚሠራው ከዋንዛ ስለሆነ ቀልዱ ገብቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው መሳቅ አልነበረብኝም። የእርጥበት መለኪያ እንዳላችሁ ስጠይቅ «ባትሪው አልቋል» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ጥፋቴን ልመን፦ ያኔ ትቼ መውጣት ነበረብኝ። ነገር ግን የዋንዛው ቀለም፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ መስመርና መሐሉ ላይ ያለው ቡናማ ወዙ ዓይኔን ያዘው።

ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ቤት ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ከበረንዳው ድንጋይ የተወረወረ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ወጥቼ ሳይ የመጀመሪያው ሳንቃ ከጫፉ ጀምሮ ተከፍሏል። ስንጥቁ ጫፉ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ቀጥ ያለ ብረት በወርዱ ላይ ሳጋድምበት ደግሞ መሐሉ 14 ሚሊ ሜትር ጎድጉዷል። 6 ሳንቲ ሜትር የነበረውን ሳንቃ ይህን ጉብጠት እስኪጠፋ ከሁለቱም ፊት ብልገው የሚተርፈኝ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለሱማ ተራ ጣውላ ከማንም እገዛ ነበር።

በማግስቱ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ጋሼ፣ እንጨት እኮ ነው፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ይሆናል» የሚል ነበር። በረንዳዬ ላይ ፀሐይ አይገባም። አንድ ጥፋት ግን አለብኝ፣ አልደብቅም፦ አንዱን ፊት በመላጊያ ካስተካከልኩ በኋላ ያንን ፊት ወደ ሲሚንቶው አድርጌ አንድ ሌሊት ያለ ድጋፍ አሳድሬዋለሁ። አንደኛው ፊት አየር አግኝቶ ሌላው ሲታፈን እንጨት እንደሚጎብጥ አውቃለሁ። ነገር ግን በእውነት የደረቀ ሳንቃ በአንድ ሌሊት 14 ሚሊ ሜትር አይጎብጥም። ለመጉበጥ በውስጡ የሚወጣ ውኃ ያስፈልገዋል።

ውኃው መኖሩን ለማረጋገጥ ከጓደኛዬ ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ተዋስኩ። ላዩን ስለካው 13 በመቶ አለኝ፤ ይህን ብቻ ያየ ሰው ደርቋል ይላል። መርፌው ግን ከላዩ ብዙም አይዘልቅም፣ ወፍራም ሳንቃ ደግሞ የሚደርቀው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተሰነጠቀው ጫፍ ከ20 ሳንቲ ሜትር ገባ ብዬ አንድ ቁራጭ ቆረጥኩና የመሐሉን ክፍል ለየሁት። በወጥ ቤት ሚዛን 184 ግራም መዘነ። ኦቨን ውስጥ በ103 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አቆየሁት (ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ለእናንተ የራሷን ደብዳቤ ብትጽፍ አልፈርድባትም)፤ በመጨረሻ 145 ግራም ሆነ። የ39 ግራሙ ውኃ ለደረቀው ክብደት ሲካፈል 27 በመቶ ገደማ ይመጣል። እዚያው ሳሎን ያለው፣ ከአባቴ የወረስኩት የዋንዛ ወንበር በዚያው መለኪያ 11 አሳይቷል። እንጨት መኮማተር የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው፤ ይህ ሳንቃ ታዲያ መሐሉ ገና መኮማተር ሲጀምር ነው «ሁለት ዓመት የደረቀ» ተብሎ የተሸጠው።

ሚያዝያ 30፣ በገዛሁ በ12ኛው ቀን፣ ቁራጩን ይዤ በአካል መጣሁ። ሥራ አስኪያጁ አልነበሩም። እስኪመጡ ብዬ ግቢውን ዞር ዞር ስል ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ምናልባት በየቀኑ ስለምታዩት አይታያችሁም። ሳንቃዎቹ በመካከላቸው አየር የሚያሳልፍ ስስ ሞራሌ ሳይገባ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበዋል። የታችኛው መሬት ነክቷል። ከላይ ላስቲክ ተጥሎበታል። ሁለት የተደራረቡ ሳንቃዎች ሲነሡ ፊታቸው በሰማያዊ ሻጋታ ተነክሯል። የአንዱም ጫፍ ሰም ወይም ቀለም አልተቀባም፤ እንጨት በጫፉ በኩል ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውኃ ስለሚለቅ፣ ጫፉ ቀድሞ ሲኮማተር መሐሉ እምቢ ይለውና ይሰነጠቃል። ከእንዲህ ዓይነት ክምር ውስጥ እንጨት አይደርቅም፤ ይታፈናል። በሙያው ያሉ ሰዎች አየር ላይ ለሚደርቅ ሳንቃ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይቆጥራሉ። የእኔው በትክክል ተረብርቦ ቢቀመጥ እንኳ ሁለት ዓመት አይበቃውም ነበር።

ሌላም አለ። የተሰነጠቀው ሳንቃ የግንዱን እምብርት በመሐሉ ይዟል። እምብርት ያለበት ሳንቃ እንደሚሰነጠቅ በመጋዝ ላይ የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ ለሁለት ከፍሎ እምብርቱን አውጥቶ መሸጥ ነው ደንቡ። ሰፊ ስለሆነ ዋጋ ያወጣል ተብሎ እንደተተወ ይገባኛል።

ሁለተኛውን ሳንቃ በተመለከተ፦ «ከአንድ ግንድ፣ ተከታታይ፣ መንታ» ተብዬ ነበር፤ ለዚህም በ64,000 ብሩ ውስጥ የተካተተ ተጨማሪ 6,000 ብር ከፍያለሁ። ተከታትለው የተሰነጠቁ ሳንቃዎች እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ አንዱ የሌላው መስታወት ይሆናል። በመጀመሪያው ላይ ከጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ የቡጢ ያህል ጉጥ አለ። በሁለተኛው ላይ እዚያ ቦታ ምንም የለም፤ የጠርዙም አካሄድ ከናካቴው አይመሳሰልም። መጋዝ የሚበላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ጉጥ አይበላም። ግዢው ዕለት ሁለቱም ቅርፊታቸው በጭቃ ተሸፍኖ፣ ፊታቸው ሳይላግ ስለነበር አላስተዋልኩም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ነጭ ክፍል ላይ ስስ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሲነካ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፍበታል። ነቅዟል ማለት ነው። ሳሎን ላስገባው አልደፈርኩም።

በዚያ ዕለት በቢሮ ያገኘኋት ልጅ በጨዋነት አስተናግዳኛለች፤ እሷን አልወቅስም። «ሰኞ ባለሙያ ይመጣና ያየዋል» አለችኝ። ሁለት ሰኞ አለፈ።

የተሰጠኝ ደረሰኝ «ጣውላ፣ 2 ፍሬ» ብቻ ይላል። የዛፉ ዓይነት የለም፣ የተሰነጠቀበት ጊዜ የለም፣ እርጥበቱ የለም፣ የመጣበት ቦታ የለም። የመጣበትን ቦታ የምጠይቀው ለወግ አይደለም። በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር። ሠራተኛችሁ «ከጅማ ነው» ብሎኛል፤ ዋንዛ እዚያ አካባቢ በቡና ማሳ ለጥላ እንደሚተከል ስለማውቅ ከገበሬ ማሳ የተገዛ ነው ብዬ አምኜ ነው የወሰድኩት። ይህንን የሚያሳይ የማጓጓዣ ፈቃድ ካላችሁ ቅጂውን ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ጉድለት ሲገኝበትም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በዚህ መሠረት የሳንቃዎቹ ዋጋ 64,000 ብር፣ ለአይሱዙ የከፈልኩት 3,500 ብርና እስከ ሦስተኛ ፎቅ ላወጡልኝ ተሸካሚዎች የሰጠሁት 1,200 ብር፣ በድምሩ 68,700 ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ሳንቃዎቹን ራሳችሁ ከቤቴ ትወስዳላችሁ። ለመለወጥ ከመረጣችሁ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የምትሰጡኝን ሳንቃ ከመሐሉ አስቆርጬ፣ በራሴ ሚዛን መዝኜና አድርቄ ነው የምረከበው። ዋጋው ቢበልጥ ልዩነቱን እከፍላለሁ።

ምላሻችሁን እስከ ግንቦት 25 ቀን እጠብቃለሁ። የሚመጣ ባለሙያ ካለ ከሥራ መልስ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ መለኪያውን ከአዲስ ባትሪ ጋር ይዞ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ
(ስሜና ስልኬ በደረሰኙ ጀርባ ይገኛል)

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ 1 ገጽ፣ ፎቶግራፍ 7፣ በላስቲክ የታሸገ የሳንቃ ቁራጭ 1

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት