ሁለት ቋንቋ ስለቀላቀሉ ብቻ ገበያተኛ አትበሏቸው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ የሚዘፍኑ ልጆች ገበያ ፈልገው ነው ይላል። ሎስ አንጀለስ ቁጭ ብዬ ሳነበው ከነከነኝ። ጸሐፊው አንድም ዘፈን በስም አልጠሩም። እኔ ግን አንድ የሙዚቃ ቡድን ልጥራላቸው፣ ያውም የኛ ያልሆነ።

ዘ ማሪያስ ይባላሉ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚዘፍኑ የሎስ አንጀለስ ሮክ ባንድ ናቸው። ድምፃዊቷ ማሪያ ዛርዶያ ፖርቶ ሪኮ ተወልዳ ጆርጂያ ያደገች ናት። ከበሮ መቺውና ፕሮዲውሰሩ ጆሽ ኮንዌይ ነው። የተገናኙት በ2016 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካንተርስ የሚባል የቆየ የአይሁዶች ምግብ ቤት አለ፣ እዚያው ኪቢትዝ ሩም የምትባል ባር ውስጥ እሷ ስትዘፍን እሱ ድምፅ ይቆጣጠር ነበር። ፌርፋክስ ማለት እኮ የኛው ፌርፋክስ ነው! በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ከተማው በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመውን ሰፈር ያገኙታል። እኛ ክትፎ ስናዝ እነሱ ከላይ በኩል ባንድ ይመሠርቱ ነበር ማለት ነው።

ሮክ ሲባል ጩኸት የሚጠብቅ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ማሪያ የምትዘፍነው በሹክሹክታ ነው ማለት ይቻላል። በ2018 የወጣውን «ካሪኞ» ስሙት። ጊታሩ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ ትራምፔት ጣል ይደረግበታል፣ እንግሊዝኛውና ስፓኒሹ በአንድ ዜማ ላይ ይቀባበላሉ። አሁን ቋንቋ ቀየርኩ ብላ አታስጠነቅቅም፣ ከበሮውም አይቆምላትም። በ2021 ያወጡት «ሲኔማ» አልበም ላይ ያለው «ኡን ሚዮን» ደግሞ የሬጌቶን ምት አለው። ያ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ከየመኪናው የሚንጋጋው ምት እዚህ ግን የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የተፈራ ይመስል ዝቅ ተደርጎ ነው የተመታው። ለእኔ ትልቁ ችሎታቸው ይሄ ነው። ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ምቱንም የራሳቸው አድርገውታል።

ሁሉንም ግን እወድላቸዋለሁ ማለት አይደለም። የ2024ቱ «ሰብማሪን» አልበማቸው መሃሉ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር ለመለየት ይቸግራል። በነገራችን ላይ ማሪያና ጆሽ ፍቅረኛሞች ነበሩ፣ ተለያዩ፣ ያንን አልበም የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ባንዱም አልፈረሰም። እኛ ዘንድ ቢሆን ሽማግሌ ተልኮም የሚሳካ አይመስለኝም።

እርግጥ ገበያውም መጥቷል፣ አልክድም። በ2022 ዝነኛው የፖርቶ ሪኮ ዘፋኝ ባድ ባኒ አልበሙ ላይ አብረውት እንዲዘፍኑ አደረገ። ለ2026ቱ የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ደግሞ ከምርጥ አዲስ አርቲስቶች ተርታ ታጭተዋል። አዲስ መባላቸው ትንሽ ያስቃል፣ የመጀመሪያ ሥራቸው የወጣው በ2017 ነውና። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሁለቱን ቋንቋ ሲዘፍኑ የቆዩት ማንም ሳያውቃቸው በፊት ጀምሮ ነው።

የኔ ልጅ ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ትዘጋዋለች። እሷ ለማን ልትሸጥ ነው? የምታወራው እንዳደገችው ነው። ነገ ጊታር ብትይዝ እንደዚያው ነው የምትዘፍነው።

ደግሞስ መቀላቀል ለኛ መቼ አዲስ ሆነ? ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሥራዎች ሲያስቀርጽ የላቲኑን ምት ከኛ ዜማ ጋር ነው ያገናኘው። ዛሬ እናንተም እኛም በሱ እንኮራለን። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የምትሠራው መክሊት ሀደሮም በእንግሊዝኛም በአማርኛም ትዘፍናለች፣ ለሷ ግን የዓምዳችሁ ጸሐፊ አንድ መስመር እንኳ አልሰጧትም።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ጥሩ የአማርኛ ዘፈን መሃል ላይ በግድ የተለጠፈ የእንግሊዝኛ አዝማች ስሰማ እኔም ጥርሴን እነክሳለሁ። ይሄ ግን የሙዚቃ ጉድለት ነው እንጂ የመቀላቀል ኃጢአት አይደለም። የትኛው ዘፈን፣ የቱ ጋ፣ ለምን እንዳልገጠመ ቢጽፉልን ኖሮ እኔም ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ዓምዳችሁ ከነዚህ ልጆች የሁለቱን ወይም የሦስቱን ሥራ በስም ጠርታችሁ ገምግሙልን። አማርኛቸውን ለጊዜው ተዉትና ከበሮው ይመታል ወይ፣ ዜማው ይይዛል ወይ፣ እሱን ንገሩን።

አንባቢያችሁ፣ ከሎስ አንጀለስ