የታሪክ ክበብ፦ አውሮፕላን ያላረፈበት ማረፊያ

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የከረመው በአንድ የተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። ቦታው ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ከምድር ወገብ በትንሹ ወደ ሰሜን፣ ሃውላንድ የምትባል ሰው የማይኖርባት ደሴት ነው። እስከሚታወቀው ድረስ አንድም አውሮፕላን አላረፈበትም።

ወሬውን ያመጡት የ10ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የሳበቻቸው እንደ ማንኛውም ሰው አሚሊያ ኤርሃርት ነበረች፤ ዓለምን ስትዞር ደብዛዋ የጠፋው አሜሪካዊት አብራሪ። ሰላይ ነበረች፣ የለም ጃፓኖች ማርከዋት ነው እያሉ ሲሟገቱ ሰነበቱ። እኔ ግን ሰለቸኝ። «እሷን እንተዋትና፣ ሜዳውን ማን ሠራው?» አልኳቸው። ሥራው መልክ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ደሴቷን የራሷ ለማድረግ ሰው ማስፈር ጀመረች። ከሰፈሩት ብዙዎቹ ሃዋይ ካለው የካሜሃሜሃ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። የአየር ሁኔታ ይመዘግባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ስንቅ የምታመጣ መርከብ ይጠብቃሉ። ማረፊያው የተሰየመው ከመካከላቸው በአንዱ፣ በጄምስ ካማካይዊ ነው። በ1937 ሜዳው ተጠርጎ ሲደለደል፣ ኤርሃርት አርፋ ነዳጅ እንድትሞላበት ታስቦ ነበር።

ክበቡን ያመሰው የሰዓቱ ነገር ነው። ኤርሃርትና አቅጣጫ መሪዋ ፍሬድ ኑናን ጁላይ 2 ቀን 1937፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከኒው ጊኒ፣ ከላኤ ተነሡ። ከ20 ሰዓት በላይ በረሩ። ሃውላንድ አጠገብ ስትጠብቃቸው የነበረችው ኢታስካ መርከብ የመጨረሻውን የሬዲዮ መልእክት ስትቀበል ግን ቀኑ ያው ጁላይ 2፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 2፡43 ነበር። ከመነሻቸው ሰዓት ቀድሞ! ልጆቹ «ይሄማ የጽሑፍ ስህተት ነው» ብለው ድርቅ አሉ። የቀን መለወጫ መስመሩን፣ ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩት ቀኑ በአንድ ወደ ኋላ የሚመለስበትን፣ ሉል ላይ በጣት እስክንከተለው ድረስ አልተበገሩም።

ቀጥሎ ወደ ስፖርት ሜዳ ወጣን። ደሴቷ ርዝመቷ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቷ 1 ኪሎ ሜትር አይሞላም። 100 ጊዜ አሳንሰን በገመድና በኖራ ስናሰምራት 24 ሜትር ሆነች። «ላኤስ የት ትሆናለች?» ተባለ። በረራው 4,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በእኛ ልኬት 41 ኪሎ ሜትር ርቃ! አንዲት ተማሪ ደግሞ አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳት ምን እንደሚሆን አሰላች። መጨረሻ ላይ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ያስታል። ኤርሃርት በሬዲዮ «እናንተ ጋ መድረስ አለብን፣ ግን አናያችሁም፤ ነዳጁም እያለቀ ነው» ያለችው ያኔ ገባቸው። የሰላይ ወሬም በዚያው ቀረ።

የማረፊያው ታሪክ ግን በእሷ አያበቃም። ዲሴምበር 8 ቀን 1941 የጃፓን ቦምብ ጣዮች ደሴቷን ደበደቡ። ሪቻርድ ዋሊ እና ጆሴፍ ኬሊኢሃናኑይ የተባሉ ሁለት ሰፋሪ ወጣቶች ተገደሉ። የተረፉት የጦር መርከብ መጥታ እስክታነሣቸው ድረስ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ እዚያው ቆዩ። ደሴቷ ከ1974 ጀምሮ የዱር እንስሳት መጠለያ ናት። ዛሬ ማኮብኮቢያው ሣር ለብሷል፤ ባለቤቶቹም የባሕር ወፎች ናቸው።

በወላጆች ቀን ሥራችንን በሦስት ሰሌዳ አሳየን። የኤርሃርት ሰሌዳ ፊት ግፊያ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ያሉበት ጋ የቆመው ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ከሁሉ በላይ የለፉት እሱ ላይ ነው። ሰሌዳው አሁን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተሰቅሏል።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቲኒያን ደሴት እንሄዳለን፤ በካርታ ነው እንግዲህ። እዚያ ያለው ኖርዝ ፊልድ የተባለው የአውሮፕላን ማረፊያ 4 ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ ሂሮሺማን ያወደመውን ቦምብ የጫነው አውሮፕላን በኦገስት 1945 የተነሣው ከዚያ ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ በመጀመሪያው ሳምንት ኑ። ረጅም ገመድ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የእኛው አልቆበታል።