ትኩሳቱ ለቀቀ ማለት ግርሻው ዳነ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክረምቱ ሲገባ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ግርሻ ትኩሳት መጻፋችሁ ያስመሰግናል። ሆኖም ትኩሳቱ የሚመለሰው በሽተኛው አቅም ስላነሰው ነው ማለታችሁ አልተዋጠልኝም። ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ያረጀሁ የላቦራቶሪ ጡረተኛ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አቅሙማ በሚገባ ሠርቷል። በሽታውን የሚያመጣው፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለ ባክቴሪያ ላዩ በፕሮቲን የተሸፈነ ነው። ሰውነት ያንን ሽፋን ለይቶ አንቲቦዲ የተባለውን መከላከያ ያመርትና ባክቴሪያውን ከደም ይጠርገዋል፤ በሽተኛው ላብ በላብ ሆኖ ትኩሳቱ ይለቀዋል። ግን ከባክቴሪያዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ቀድመው ሽፋናቸውን ለውጠዋል። ልብስ ቀይሮ በዘበኛው ፊት የሚያልፍ ሌባ በሉት። ለአዲሱ ሽፋን የተዘጋጀ አንቲቦዲ ስለሌለ ተራብተው፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ያገረሻል።

ትኩሳቱ ባየለበት ሰዓት የተቀዳ ደም በጊምሳ ቀለም ሲታይ፣ በቀይ የደም ሴሎች መሀል ሐምራዊ፣ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ይታያል። ቀለም ያልነካው ትኩስ ጠብታ ከሆነማ ሲፍጨረጨር ሴሎቹን እየገፋፋ ያተራምሳቸዋል። የዚያው ሰው ደም ትኩሳቱ በለቀቀው ማግስት ቢመጣ ግን ደሙ የተቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ከዳር እስከ ዳር ብታስሱት ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። «ነጋቲቭ» ተብሎ ይሸኛል፤ ቅማሉንም ይዞ ጓደኞቹ ወዳሉበት ይመለሳል። ስለዚህ ደሙ በትኩሳቱ ሰዓት ይታይ።

ስለ ቅማሉ የጻፋችሁት ደህና ነው። ብቻ በጥፍር መጨፍለቅ እንደማይገባ ጨምሩበት፤ ከተጨፈለቀው ቅማል የሚወጣው ባክቴሪያ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ልብሱን፣ በተለይ ስፌቱን፣ በፈላ ውሃ መቀቀል ይሻላል።

ከሁሉም የቆጨኝ ስለ ሕክምናው አንዲት መስመር መዝለላችሁ ነው። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ያድናል፤ ግን ባክቴሪያው ባንዴ ሲፈራርስ በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ሊገድልም ይችላል። መርፌ ወግቶ ወዲያው «ሂድ ቤትህ» ማለት አይገባም፤ አስተኝቶ መከታተል ያስፈልጋል። በሚቀጥለው እትም ይህን ብታወጡት ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ