ጦር የሌለው ዳኛ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ቀለል እንዳለልዎት እኅቴ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን በደንብ ሳልመልስልዎት መስመሩ ተቋረጠ። «እዚያ አገር ዳኛው ፕሬዝዳንቱን ያዝዛል ይባላል። ፕሬዝዳንቱ እንቢ ቢልስ? ዳኛ ጦር የለው፣ ግምጃ ቤት የለው» ነበር ያሉኝ። አባባ፣ እኛም ክፍል ውስጥ ከየትም ተነሥተን የምንደርሰው እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ዕድሜዎን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያሳለፉ ሰው ነዎትና በሁለት ቃል ላልፍዎት አልፈለግሁም። የአሜሪካኑን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ።

እርስዎ ያሉትን ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁትም ያውቁት ነበር። በ1788፣ ገና ሳይጸድቅ፣ አሌክሳንደር ሃሚልተን ፍርድ ቤት ሰይፍም የለውም፣ ገንዘብም የለውም፣ ያለው ፍርዱ ብቻ ነው ብሎ ጽፏል። ሰይፉ የፕሬዝዳንቱ፣ ገንዘቡ ሕግ የሚያወጣው ሸንጎ የኮንግረስ ነው። የዕድራችሁን የገንዘብ ሳጥን ያስታውሳሉ? ባለ ሦስት ቁልፍ የሆነውን፣ ሦስቱ ሰዎች ካልተገኙ የማይከፈተውን? እነዚህም ሥልጣንን እንደዚያ ነው የቆለፉት። በዚያ ላይ ስቴቶቹ የራሳቸው ሥልጣን አላቸው፤ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠው በእነሱና በሕዝቡ እጅ ይቀራል።

የሚገርመው ግን ዳኛ አዋጅ መሻር ይችላል የሚል ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም። ይህ የመጣው በአንድ ክስ ነው። እርስዎ እንደሚወዱት ስለማውቅ እንደ መዝገብ ላንብብልዎት።

በ1801 ፕሬዝዳንት ጆን አዳምስ ምርጫ ተሸንፎ ሊወርድ ሲል ብዙ ዳኞች ሾመ። ከእነሱ አንዱ ዊልያም ማርበሪ ነው፤ የተሾመበት ቦታ እንደኛ አጥቢያ ዳኛ ያለ ነው። የሹመት ደብዳቤው ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ሳይደርሰው ግን መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ ፕሬዝዳንት ቶማስ ጄፈርሰን እንዳይሰጠው አደረገ። ማርበሪ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ጄምስ ማዲሰንን ከሰሰ።

እንግዲህ የዋናውን ዳኛ የጆን ማርሻልን ጭንቅ ይመልከቱ። «ስጠው» ብሎ ቢያዝ ማዲሰን እንቢ ይላል፤ ፍርድ ቤቱም መሳለቂያ ይሆናል። «አይገባውም» ቢል ፈራ ይባላል። ማርሻል በ1803 የሰጠው ፍርድ ከሁለቱም የተለየ ነው። ማርበሪ ደብዳቤው ይገባዋል አለ። መብቱ ለተነካበት ሰው ሕግ መፍትሔ ሊኖረው ይገባል አለ። «እኔ ግን ላዝለት አልችልም» አለ። ምክንያቱ የዳኝነት ሥልጣን ነው። ማርበሪ በቀጥታ ወደ እሱ የመጣው በ1789 የወጣ አዋጅ ስለሚፈቅድለት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያያቸውን ጉዳዮች ለይቶ አስቀምጧል፤ ይህ ክስ ከእነሱ ውስጥ የለም። አዋጅ ከሕገ መንግሥት ጋር ከተጋጨ ደግሞ የሚወድቀው አዋጁ ነው።

ማዲሰን እንቢ የሚልበት ትእዛዝ አልተሰጠውም። ፍርድ ቤቱ ግን በዚያ ቀን አዋጅ የመሻር ሥልጣኑን ያዘ። ይህን ፍርድ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ባነበብኩት ቁጥር እደነቃለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። በአዳምስ ጊዜ ሚኒስትር ሆኖ ያን ደብዳቤ ያተመው፣ እንዲደርስም ማድረግ የነበረበት ራሱ ማርሻል ነው። ከችሎቱ መነሣት ነበረበት።

ዳኞቹ ክስ ሳይቀርብላቸው አስተያየት አይሰጡም። በ1793 የጆርጅ ዋሽንግተን መንግሥት በፈረንሳይና በእንግሊዝ ጦርነት ጉዳይ የሕግ ምክር ጠይቋቸው ነበር፤ አይሆንም አሉ። ጉዳት የደረሰበት ከሳሽ ይምጣ፣ ያኔ እንፈርዳለን ነው ነገሩ። ጦር የሌለው ሰው በየነገሩ ከገባ ቶሎ ይናቃል። ያን ያወቁ ይመስለኛል።

እንቢ የተባለበት ጊዜ አለ፣ አባባ፤ እሱን ልደብቅዎት አልፈልግም። በ1832 ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ስቴት ሕግ የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በቼሮኪዎች ምድር ላይ አይሠራም ብሎ ፈረደ። ጆርጂያ ችላ አለችው። ፕሬዝዳንት አንድሩ ጃክሰንም አላስገደዳትም። በ1838 ቼሮኪዎቹ ከአገራቸው በወታደር ተነድተው ወጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ዳኞቹ ራሳቸው የበደሉበትም ጊዜ አለ። በ1857፣ ነፃነቱን ፈልጎ በከሰሰው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ፣ ጥቁር ሰው የዚህች አገር ዜጋ ሊሆን አይችልም ብለው ፈርደዋል። ያን ለማስተካከል የእርስ በርስ ጦርነትና 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አስፈልገዋል። እዚህ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው፣ ሕግም ሁሉንም እኩል ይጠብቃል የሚለው እሱ ነው። የልጅ ልጅዎ ዜግነትም ከዚያው የመጣ ስለሆነ ያን አንቀጽ ሳነብ እንደ ሌላው ትምህርት አላየውም።

ፕሬዝዳንቱ እሺ ያለበትን ደግሞ ልንገርዎት። በ1952፣ የእኛም ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ እየተዋጋ ሳለ፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሆነ። ፕሬዝዳንት ትሩማን ጦርነቱ ብረት ይፈልጋል ብሎ ፋብሪካዎቹን በመንግሥት እጅ አስገባ። ባለቤቶቹ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ይህን ሥልጣን ኮንግረስም ሕገ መንግሥቱም አልሰጡህም አለው። ፕሬዝዳንቱ ፋብሪካዎቹን መለሰ፤ ጦርነቱ ግን አላበቃም ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ሮበርት ጃክሰን የጻፈውን እስካሁን እንደ መለኪያ እንጠቀምበታለን። ፕሬዝዳንት ከኮንግረስ ጋር ሲሠራ ሥልጣኑ ይበረታል፤ ኮንግረስ ዝም ሲል ያጠራጥራል፤ ኮንግረስ ያልፈለገውን ሲያደርግ ግን እጅግ ይሳሳል።

በ1957 ሊትል ሮክ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሆነ። የአርካንሳው ስቴት ገዥ፣ ፍርድ ቤት ከነጮች ጋር እንዲማሩ የፈቀደላቸው ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የስቴቱን ብሔራዊ ዘብ አቆመባቸው። ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን አየር ወለድ ላከ፤ ልጆቹ በወታደር ታጅበው ገቡ። ዳኛው ያልነበረውን ሰይፍ የመዘዘለት ሌላው ባለ ቁልፍ ነው።

ለጥያቄዎ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የኒክሰን ጉዳይ ነው። በእነሱ 1974፣ በእኛ ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ኒክሰን ለወንጀል ምርመራ የተፈለጉትን፣ በቢሮው ያደረጋቸው ንግግሮች የተቀዱባቸውን ካሴቶች እንዲያስረክብ በ8 ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ አዘዘው። ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው እሱ ራሱ ነው። ካሴቶቹ የሚጎዱት መሆኑን ያውቅ ነበር። ሰጠ። ነሐሴ 3 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። ለምን እሺ አለ? እንቢ ቢል ኮንግረስ ሊከስሰው ተዘጋጅቶ ነበር፤ የራሱ ፓርቲ ሰዎችም ይከዱት ነበር። ለእርስዎ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። የዳኛው ጉልበት ያለው በሌሎች ሰዎች ዘንድ ነው፤ ትእዛዙ ሲጣስ ዝም የማይሉ ሰዎች ሲኖሩ።

ያን ክረምት እርስዎ መቼም አይረሱትም። ኒክሰን ከለቀቀ ከአንድ ወር በኋላ መስከረም 2 ቀን ጃንሆይ ወረዱ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ታገደ። ኅዳር 14 ቀን 60ዎቹ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ይህን የምጽፈው አገር ከአገር ላበላልጥ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ክረምትና በጋ መሆናቸው ስለሚያመኝ ነው።

ዛሬ እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን፣ በአንቀጽ 83፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሚሾሙ፣ ማንም ያልመረጣቸው ዘጠኝ ዳኞች ሕዝብ የመረጠውን ሸንጎ አዋጅ እንዴት ይሽራሉ የሚለው ክርክር እዚህም አለ፤ ከባድ ክርክር ነው። እኔ ግን በዳኛ እጅ ቢሆን እመርጣለሁ። ዳኛ የተበደለውን ሰው ፊት ለፊት ያየዋል፤ ለውሳኔውም ምክንያቱን መጻፍ ግዴታው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚያ መስከረም ከእረፍት ተመልሳችሁ ችሎት ስትከፍቱ ዳኞቹ ምን አሉ? በመንግሥት ላይ የተከፈቱት መዝገቦችስ ምን ሆኑ፣ ቀጠሮ ተሰጣቸው ወይስ ተዘጉ? መጽሐፍ ውስጥ የማላገኘው ይህን ነው። እሑድ እደውላለሁ፤ ያን ይንገሩኝ። እኅቴም ስልኩን ቀድማ ቻርጅ ታድርገው።

ናፋቂ ልጅዎ